ክፍለ ሀገር ያቆመና ያፈረሰ ብዕር፦ ስለ ፒር ዐሊ መሐመድ ራሽዲ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ጥሪውን አክብራችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። በዛሬው ንግግር የምጠራቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዲሴምበር 11 ቀን 1954 በፓኪስታን የሲንድ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ተሰብስቦ የገዛ ክፍለ ሀገሩ እንዲፈርስ ድምፅ ሰጠ። ድጋፍ 100፣ ተቃውሞ 4። ውሳኔው እንዲያልፍ ከመሩት የካቢኔ አባላት አንዱ ፒር ዐሊ መሐመድ ራሽዲ ነበሩ። ይህ ክፍለ ሀገር የተወለደው ገና በ1936 ነው፤ እንዲወለድ በጋዜጣ ከታገሉት መካከልም እኚሁ ሰው ይገኙበታል። ይባስ ብሎ ዛሬ የድሮውን ሲንድ ሰዎች ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ መጀመሪያ የሚያነሳው መጽሐፍ የእሳቸው ነው። ሦስቱን ነጥለን ካየናቸው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ያወራን ይመስላል። የኔ ሐሳብ ግን ሦስቱንም የሠራው አንድ ችሎታ ነው የሚል ነው፦ ሥልጣን ያለው ሰው ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈራ ቀድሞ ማወቅና ያንን በጽሑፍ ማዋቀር።

ራሽዲ የተወለዱት በ1905 በላርካና አውራጃ ራቶዴሮ አካባቢ ባህማን በምትባል መንደር ነው። «ፒር» የሚለው ማዕረግ ከቅዱስ ሰው ዘር መወለድን ያሳያል። የራሽዲ ቤተሰብ ስሙን የወሰደው በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ብዙ ተከታይ ካፈሩት ከፒር መሐመድ ራሺድ ነው። እሳቸው ሲሞቱ ቅርሳቸው ተከፈለ፤ ጥምጣሙ ለአንዱ ልጅ ደረሰና የፒር ፓጋሮ ቤት ሆነ፤ ባንዲራው ለሌላው ደረሰና የፒር ጃንዶ ቤት ተባለ። ዐሊ መሐመድ ከነዚህ ከሁለቱ ታላላቅ መንበሮች ላይ የተቀመጡ አልነበሩም። ስሙ በየሀብታሙ ደጃፍ ያስገባቸዋል፤ የሚያስተዳድሩት ሰፊ መሬትና በአንድ ቃል የሚነሳ ተከታይ ግን አልነበራቸውም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪም የላቸውም። ስለዚህ በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ ከፍ ለማለት የቀራቸው መሣሪያ ብዕር ነበር።

ብዕሩ የተሳለው ሱኩር ላይ ነው። ከካራቺ ርቆ በሰሜን ሲንድ በኢንዱስ ወንዝ ዳር ባለው በዚህ ከተማ ራሽዲ «ሲንድ ዛሚንዳር»ንና «ሲታራ ኤ ሲንድ»ን በመሳሰሉ የሲንድኛ ጋዜጦች አዘጋጅነት ሠሩ። የዚያን ጊዜ የሲንድኛ ጋዜጣ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ልግለጽ፤ ጋዜጠኛው የማን ጥገኛ እንደነበር የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

የሲንድኛ ፊደል እንግሊዞች በ1853 ባጸደቁት መልኩ 52 ሆሄያት አሉት። መሠረቱ ዐረብኛ ነው፤ ሆኖም ዐረብኛ የማያውቃቸው ድምፆች ስላሉት ነጥብ እየተጨመረ ነው የተሞላው። ከነዚህ መካከል አራቱ አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገሩ ናቸው። እኛ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ቀ ስንል ጉሮሯችንን ዘግተን አየሩን ወደ ውጭ እንገፋለን፤ ሲንዱ በነዚህ አራት ድምፆች ተቃራኒውን ያደርጋል። በጽሑፍ ላይ አንድ አግዳሚ መሠረት ከሥሩ አንድ ነጥብ ቢኖረው አንድ ድምፅ ነው፣ ሁለት ወደ ታች የተደረደሩ ነጥቦች ቢኖሩት ሌላ፣ ሦስት ቢኖሩት ሌላ፣ አራት ቢኖሩት ደግሞ ሌላ።

በድንጋይ ማተሚያ ሲሠራ ጽሑፉን የሚጥፈው «ካቲብ» የሚባለው የቁም ጸሐፊ ነው። በሸምበቆ ብዕር፣ ቅባት ባለው ቀለም፣ ልዩ ልባስ በተቀባ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ወረቀቱ ረጥቦ በለሰለሰ ድንጋይ ላይ ሲጫን ጽሑፉ ተገልብጦ ይቀራል፤ ከድንጋዩ ወደ ጋዜጣው ሲታተም ደግሞ ይቃናል። ችግሩ የሚመጣው ቀለም ሲበዛ ነው፤ አራቱ ነጥቦች ተዋህደው አንድ ጠብታ ይሆኑና ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ድንጋዩ ላይ ከደረሰ በኋላ ስሕተት የተገኘ እንደሆነ ፍቆ በግልባጭ መጻፍ ግድ ነው፤ ይህን የሚችል ጸሐፊ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ አዘጋጁ ሐሳቡን ከመጀመሪያው አጥርቶ፣ አሳጥሮ፣ ሳይሰርዝ ሳይደልዝ መስጠት ነበረበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ጥቂት፣ ነጋዴው የሚያወጣው ማስታወቂያም ትንሽ ነበር። የአንድ ሳምንታዊ ወይም ዕለታዊ ጋዜጣ ሕይወት የሚቆመው በአንድ ትልቅ ባለመሬት ድጎማና መንግሥት በሚሰጠው የሕጋዊ ማስታወቂያ ክፍያ ላይ ነው። ባለመሬቱ ከምርጫ በፊት ይከፍላል፣ ካሸነፈ በኋላ ይረሳል። የአውራጃው አስተዳዳሪ ያኮረፈ እንደሆነ ማስታወቂያው ይቆማል። በዚህ ሥርዓት የኖረ ጋዜጠኛ ሁለት ነገር ይማራል፤ ማን ማንን እንደሚጠላ በትክክል ማወቅና ከአንዱ ደጋፊ ወደ ሌላው ሳይወድቁ መሻገር። ራሽዲ ሁለቱንም አሳምረው ተማሩ። በኋላ የምናየውን ሁሉ በዚህ ዓይን ማየት ተገቢ ነው።

በዚያ ጊዜ ትልቁ የጋዜጣ ርዕስ የሲንድ ከቦምቤ መለየት ነበር። እንግሊዞች ሲንድን በ1843 በጦር ያዙ፣ በ1847 ከቦምቤ አስተዳደር ሥር አስገቡት። እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል፤ ሲንድን የያዘው ቻርልስ ናፒየር መቅደላ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር የተዋጋው ሮበርት ናፒየር አይደለም። ግንኙነቱ ግን በሌላ በኩል አለ። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው ጦር የተነሳው ከዚያው ከቦምቤ ሲሆን የሲንድ ፈረሰኞችም አብረው ነበሩ። ዙላ ላይ የመጀመሪያውን ጦር ይዞ የወረደው የኤደኑ ሹም ዊልያም ሜሪዌዘር ቀድሞ በዚሁ የፈረሰኛ ጦር ያገለገለ መኮንን ነው፤ ከዘመቻው በኋላም የሲንድ ኮሚሽነር ሆኖ ተሾመ። ካራቺ መሐል የቆመው የሰዓት ግንብ ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ የጋዜጣ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ የሚያልቀውም እዚያው ግንብ ሥር ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። መለየትን የሚቃወሙ ወገኖች ዋና ክርክር ገንዘብ ነበር። በጃንዋሪ 1932 የተመረቀው የሱኩር የመስኖ ግድብ 66 በሮችና 7 ዋና ቦዮች ያሉት ግዙፍ ሥራ ነው፤ የተሠራውም በብድር ነው። «ሲንድ ይህን ዕዳ ተሸክሞ እንዴት ራሱን ይችላል?» ተባለ። በ1931 አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሒሳቡን ሲያየው በእርግጥ ጉድለት እንዳለ አገኘ። የመለየት ደጋፊዎች መልስ፣ ጉድለቱ ጊዜያዊ ነው፣ አዲሱ ውሃ የሚያለማው መሬት ሲሸጥና ሲገበር ዕዳውን ይከፍላል፣ እስከዚያው ማዕከላዊው መንግሥት ይደጉም የሚል ነበር። የተፈጸመውም ይኸው ነው፤ ኤፕሪል 1 ቀን 1936 ሲንድ ከማዕከል ድጎማ ጋር ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር ሆነ። ራሽዲ ያኔ ገና 30 ዓመታቸው ነው።

ከዚያ የሕንድ ሙስሊሞች ፓርቲ የሆነው የሙስሊም ሊግ ዘመን መጣ። በኦክቶበር 1938 ካራቺ ላይ የሊጉ ፕሬዚዳንት ጂና በመሩት የሲንድ ሙስሊም ሊግ ጉባኤ ራሽዲ ከአደራጆቹ ወገን ነበሩ። ይበልጥ የሚነገርላቸው ግን ከመጋረጃ በስተጀርባ የሠሩት ሥራ ነው። ሊጉ በሰር አብዱላህ ሃሩን ሰብሳቢነት የውጭ ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ ነበረው፤ ጸሐፊው ራሽዲ ነበሩ። በዚያ ወቅት ሕንድን እንዴት መከፋፈል ይቻላል በሚል ብዙ ዕቅድ ይዘዋወር ነበር፤ የሃይደራባዱ ዶክተር ላቲፍ አንድ፣ የአሊጋር መምህራን ሌላ፣ የፑንጃቡ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲካንደር ሐያት ደግሞ የራሳቸውን አቅርበዋል። የኮሚቴው ሥራ ዕቅዶቹን ሰብስቦ፣ ባለቤቶቹን አገናኝቶ፣ ወደ አንድ ሰነድ ማምጣት ነበር።

ሊጉ ሙስሊሞች ለሚበዙባቸው የሕንድ ክፍሎች ነጻ መንግሥት የጠየቀበት የማርች 1940ው የላሆር ውሳኔ ካለፈ በኋላ ኮሚቴው ወሰን ወደ ማስቀመጥ ሄደ። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። የላሆር ውሳኔ ኃይሉ ድፍንነቱ ነበር፤ የትኛው አውራጃ የት እንደሚወድቅ አልተናገረም፤ ስለዚህ ከቤንጋልም ከፑንጃብም ከሲንድም ያለው ሰው የራሱን ተስፋ ሊያነብበት ይችላል። ካርታ የወጣ ዕለት ግን ከመስመሩ ውጭ የቀረ ሁሉ ጠላት ይሆናል። የኮሚቴው ሪፖርት በዲሴምበር 1940 መጨረሻ ለጂና ቀረበ፤ በፌብሩዋሪ 1941 «ስቴትስማን» ጋዜጣ ላይ አፈትልኮ ወጣ። ጂና ሪፖርቱ የሊጉ አቋም እንዳልሆነ አስታወቁ፤ ሥራው ሁሉ መዝገብ ቤት ቀረ። ጎበዝ አርቃቂ ሁሉን ነገር በግልጽ ማስፈር ይወዳል፤ ፖለቲከኛው ደግሞ አንዳንዱ ነገር ሳይጻፍ እንዲቀር ይፈልጋል። ራሽዲ ይህን በቅርብ አዩ።

ፓኪስታን በ1947 ነጻ አገር ከሆነች በኋላ በሂንዱ አዘጋጅ ይመራ የነበረው የካራቺው የእንግሊዝኛ ዕለታዊ «ሲንድ ኦብዘርቨር» በራሽዲ እጅ ገባ። በጋዜጣ አዘጋጆች ማኅበርም ከፊት ተሰለፉ። በ1953 ለሲንድ ምክር ቤት ተመረጡ።

አሁን የ1954ቱን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ፓኪስታን ሁለት ክንፍ ነበራት፤ ምሥራቁ ቤንጋል ብቻውን ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ በላይ ነው። ድምፅ በሕዝብ ቁጥር ቢሆን ቤንጋል ይገዛል። ይህን ለማክሸፍ በምዕራብ ያሉትን ክፍላተ ሀገራት አንድ ላይ ጨፍልቆ ከምሥራቁ ጋር እኩል መቀመጫ መስጠት ታሰበ፤ ስሙም «ዋን ዩኒት» ተባለ። ሲንድ፣ ፑንጃብ፣ የሰሜን ምዕራብ ድንበርና ባሉቺስታን ሁሉ ዋና ከተማው ላሆር በሆነ አንድ ክፍለ ሀገር ሊዋጡ ነው። ፑንጃብ ለማባበል ያህል ለአሥር ዓመት ከሕዝቡ ብዛት ያነሰ፣ 40 በመቶ መቀመጫ ለመውሰድ ተስማማ።

የሲንድ ምክር ቤት አብዛኛው አባል መጀመሪያ ተቃውሞ ፈርሞ ነበር። እርምጃው በየተራ ተወሰደ። በኦክቶበር 24 ጠቅላይ ገዥው ጉላም መሐመድ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት አውጪ ጉባኤ በተኑ። በኖቬምበር መጀመሪያ ተቃዋሚው የሲንድ ዋና ሚኒስትር ፒርዛዳ ተባረሩ። በቦታቸው አዩብ ኩህሮ ተተከሉ። ኩህሮ በ1948 ካራቺ ከሲንድ ተነጥላ የፌዴራል ከተማ እንዳትሆን በመቃወማቸው ከዚሁ ወንበር የተባረሩና ከዚያም ከፖለቲካ የታገዱ ሰው ናቸው፤ አሁን የተመለሱት ሲንድን ራሱን እንዲያስረክቡ ነው። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ታሰሩ። በአንድ ወር ውስጥ ያ ሁሉ የተቃውሞ ፊርማ ወደ 100 ድጋፍ ተገለበጠ።

ለምን ተገለበጠ? «ፈሩ» ማለት አይበቃም፤ ምን እንደፈሩ ማወቅ ያስፈልጋል። የምክር ቤቱ አባል አብዛኛው «ዋደራ» የሚባለው ባለመሬት ነው። የዋደራው መሬት ውሃ የሚያገኘው ከመንግሥት ቦይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው። የቀዳዳውን ስፋት የሚወስነው የመስኖ መሐንዲሱ ነው፤ ትንሽ ቢያጠበው የቦዩ ጫፍ ያለው ማሳ ይደርቃል፣ ሩዙ ይሞታል። የመሬት ግብሩን የሚመዘግበው፣ ሰብል በጠፋ ዓመት ምሕረት የሚሰጠው የገቢ ሹም ነው። በመንደሩ የከብት ስርቆት ክስ በማን ስም እንደሚከፈት የሚወስነው የፖሊስ አዛዡ ነው። ሦስቱም ሹሞች ትእዛዝ የሚቀበሉት ከካቢኔው ነው። ካቢኔው ውስጥ ደግሞ ማን የትኛው ቦይ ጫፍ ላይ እንዳለ፣ የማን የግብር ውዝፍ እንዳለበት፣ ማን ከማን ጋር የደም ቂም እንዳለው ለዓመታት በጋዜጣ ሥራ ያጠኑ ሰው ተቀምጠዋል። ለዚህ ነው የሱኩሩን ማተሚያ ቤትና የ1954ቱን ድምፅ ለይቼ ማየት የማልችለው።

ዋጋው ከባድ ነበር። ዋን ዩኒት በኦክቶበር 14 ቀን 1955 ሥራ ጀመረ። የሲንዱ ገበሬ አቤቱታ ላሆር ድረስ መጓዝ ነበረበት። ሲንድኛ ከቢሮና ከትምህርት ቤት እየተገፋ ሄደ። በኮትሪና በጉዱ አዲስ ግድቦች ውሃ ያገኘው መሬት ከፊሉ ከሌላ አካባቢ ለመጡ የጦር መኮንኖችና ሹማምንት ተሰጠ፤ ለዘመናት እኩል እያካፈለ ያረሰው «ሃሪ» የሚባለው ጭሰኛ ተመልካች ሆነ። ጂ ኤም ሳይድን የመሰሉ የሲንድ ፖለቲከኞች ተቃውመው ለረጅም ጊዜ ታሰሩ። ራሽዲ በበኩላቸው የፌዴራል የማስታወቂያና የሬዲዮ ሚኒስትር ሆኑ። ይህን ማለስለስ አያስፈልግም፤ በሲንድ ሕዝብ ላይ የደረሰ በደል ነው፣ እሳቸውም ከሠሪዎቹ አንዱ ናቸው።

የዲፕሎማትነቱን ዘመን ባጭሩ ላውጋችሁ። በ1957 በማኒላ አምባሳደር ሆኑ፣ በኋላም ወደ ቤይጂንግ ተዛወሩ። ከዚህ ዘመን የሚታወሰው ለፊልድ ማርሻል አዩብ ኻን የጻፉት ምክር ነው፤ አዩብ በ1958 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ከያዙ በኋላ ራሳቸውን ንጉሥ እንዲያደርጉ፣ ዙፋኑም በዘር እንዲወርድ ሐሳብ አቀረቡላቸው። አዩብ አልተቀበሉትም፤ 80,000 የመንደር ተመራጮች ፕሬዚዳንት የሚመርጡበትን የራሳቸውን ሥርዓት አቆሙ። ብዙ ሰው ይህን ደብዳቤ እንደ ተራ ሽንገላ ያነበዋል። ሽንገላ እንዳለበት አልክድም፤ ነገር ግን በፒር ቤት ለተወለደ፣ ሥልጣን ከአባት ወደ ልጅ በጥምጣም ሲተላለፍ እያየ ላደገ ሰው እንግዳ ሐሳብ እንዳልነበር መገመት ይቻላል።

ሥልጣኑ ካለቀ በኋላ ነው ትልቁ ሥራ የመጣው። በኡርዱው «ጃንግ» ጋዜጣ ዓምደኛ ሆኑ፤ በሲንድኛ ደግሞ «ኡሄ ዲንህ ኡሄ ሺንህ»ን ጻፉ፤ «እነዚያ ቀኖች፣ እነዚያ አንበሶች» ማለት ነው። በሲንዲ አዳቢ ቦርድ በሦስት ቅጽ ታተመ። መጽሐፉ ዋደራዎችን፣ ፒሮችን፣ እንግሊዝ ሹማምንትንና ፖለቲከኞችን አንድ በአንድ እያነሳ ይስላል።

ያን ዓለም ለመረዳት ስለ አንድ ወንበር ማወቅ ይጠቅማል። እንግሊዞች ሲንድን የገዙት ክብርን ቆጥረው በማደል ነው። ኮሚሽነሩ ወይም የአውራጃው ሹም ዳርባር የሚባለውን የክብር ጉባኤ ሲጠራ ማን ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚቆም፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ በዝርዝር ተጽፎ ያልቃል። ወንበር የተፈቀደለት «ኩርሲ ናሺን» ይባላል። ከወንበሩ በታች የምስጋና ወረቀት አለ፣ «ሉንጊ» የሚባል ሽልማት ጨርቅ አለ፣ የጦር መሣሪያ ፈቃድ አለ፣ ፍርድ ቤት በአካል ከመቅረብ ነጻ መሆን አለ። አንድ ባለመሬት ልጁ ወንበሩን እንዲወርስ ዓመታት ደጅ ይጠናል፤ ጎረቤቱ ከሱ አንድ ረድፍ ቀድሞ ከተቀመጠ ጠቡ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የሊጉ ፖለቲካም፣ የምርጫው ፉክክርም፣ የ1954ቱ ድምፅም የበቀለው በዚህ መሬት ላይ ነው። ራሽዲ እነዚህን ሰዎች ከውስጥ ያውቋቸዋል፤ አብረዋቸው በልተዋል፣ ደብዳቤያቸውን ጽፈዋል፣ ተጣልተዋቸዋል። ስለ ሲንድ ገዢ መደብ እንዲህ ቀርቦ የጻፈ በእኔ ግምት የለም።

መጽሐፉን ለጥናት የሚጠቀም ሰው ግን መጠንቀቅ አለበት። አንደኛ፣ ነገሩ ከተፈጸመ ከአሥርት ዓመታት በኋላ የተጻፈ ትዝታ ስለሆነ ቀንና ቅደም ተከተል ከጋዜጣና ከመንግሥት መዝገብ ጋር መመሳከር ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ደራሲው በሚተርኩት ፖለቲካ ውስጥ ባለጉዳይ ናቸው፤ ስለ ኩህሮም ሆነ ስለ ጂ ኤም ሳይድ የሚሉትን ሲያነቡ ደራሲው ያኔ በማን ወገን እንደነበሩ አጠገቡ ጽፎ መያዝ ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ አርዕስቱ እንደሚለው የአንበሶች መጽሐፍ ነው፤ ጭሰኛው በብዛት የሚታየው ደጅ ቆሞ ነው። የሃሪውን ሕይወት የሚፈልግ ሌላ ምንጭ መጨመር ይኖርበታል።

ከወንድማቸው ጋር ማነጻጸርም ብዙ ያስተምራል። ታናሽየው ፒር ሑሳሙዲን ራሽዲ በ1911 ተወለዱ፤ እሳቸውም ጉዟቸውን የጀመሩት በሱኩር የጋዜጣ ሥራ ነው። ቶሎ ከፖለቲካ ወጥተው ወደ ፋርስኛ የብራና መጻሕፍት ገቡ። ታታ አጠገብ ስላለው የማክሊ መቃብር የተጻፈውን «ማክሊ ናማ» ከሰፊ ማብራሪያ ጋር አሳትመዋል፤ በ1982 ሲሞቱም እዚያው ማክሊ ተቀበሩ። ሑሳሙዲን ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ምንጭ ይጠይቃሉ፤ ዐሊ መሐመድ ሰውየው ሲቀመጥ፣ ሲቆጣ፣ ሲለምን ያሳዩናል። የሲንድን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን ቢያነብ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል።

ዋን ዩኒት በጁላይ 1 ቀን 1970 ፈረሰና ሲንድ እንደገና ክፍለ ሀገር ሆነ። ዐሊ መሐመድ ራሽዲ ይህንን አይተው በማርች 1987 ካራቺ ውስጥ አረፉ። ማንበብ ለምትፈልጉ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሩ፤ ሲንድኛ የምታነቡ ከሆነ ከአጠገቡ የዲሴምበር 1954ቱን የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ አስቀምጡና ድጋፍ የሰጡትን ሰዎች ስም በመጽሐፉ ውስጥ እየፈለጋችሁ ሂዱ።